የምክር ዓምድ፦ የሰፈራችን ሜዳ የድንጋይ ደረጃ ሊፈርስ ነው

ከባሕር ዳር የደረሰን ደብዳቤ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«በሰፈራችን ሜዳ በአንዱ ጎን በጥቁር ድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ የተመልካች ደረጃ አለ። ሰባት እርከን ነው፤ ርዝመቱ 30 ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ እርከን ሁለት ስንዝር ቢሰፋ ነው፤ ጨዋታው ሲግል ሁላችንም ቆመን፣ ሲበርድ ቁጢጥ ብለን ነበር የምናየው። ልጅ ሆኜ አባቴ እያስከተለኝ ኳስ የለመድኩት እዚያ ነው። የእሱ ቦታ ከታች ሦስተኛው እርከን፣ ከዋርካው በኩል ነበር። አሁን አባቴ በሕይወት የለም። ሜዳው ሊታደስ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ደረጃው ፈርሶ የፕላስቲክ ወንበርና የሽቦ አጥር ይገባል ተብሏል። ጓደኞቼ ‹ለድንጋይ ታለቅሳለህ እንዴ?› ይሉኛል። የአባቴን ድንጋይ ነቅዬ ቤቴ ልውሰደው ወይስ እንዳይፈርስ ፊርማ ላሰባስብ? ፎቶ ላነሣው ሄጄ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ምንም የማይናገር ባዶ ድንጋይ ሆነብኝ።»

ውድ ወንድማችን፣ የአባትዎን ነፍስ ይማር። ሰው ልጅነቱን ያሳለፈበት ቦታ ሊፈርስ ነው ሲባል ሆዱ ቢባባ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ደብዳቤዎ የደረሰን በግንቦት ነው። እስከ መስቀል አራት ወር አለ ቢባልም፣ ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታ ሜዳው ላይ ቆመው የሚሠሩት ሥራ በእነዚህ በሚቀጥሉት ሳምንታት ማለቅ አለበት። ስለዚህ ምክራችን በጊዜው ቅደም ተከተል ይሄዳል። ድንጋዩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ፎቶው ባዶ የሆነብዎት ካሜራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እዚያ ደረጃ ላይ ወንበር የለም፣ ቁጥር የለም፣ ሥርዓቱን የያዘው ሰው ነበር። ማን የት እንደሚቆም፣ ከማን ጎን እንደማይቆም፣ የትኛው ጥግ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው፣ የትኛው የተማሪው እንደነበር ድንጋዩ ላይ አልተጻፈም፤ ያለው አሁን ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ በሆነ ሰዎች ራስ ውስጥ ነው። ድንጋይ ፈርሶም ፎቶው ይቀራል። ይህ ዕውቀት ግን ሰዎቹ ካለፉ ከየትም አይገኝም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የቦታ ካርታ ይሥሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ 50 ሜትር ሜትር፣ ጠመኔ፣ ሲባጎና አንድ ትልቅ ወረቀት ይበቃል። ከታች ጀምረው እርከኖቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ብለው በጠመኔ ጫፋቸው ላይ ይጻፉ። ከዚያ ሜትሩን ከአንዱ ጫፍ ዘርግተው በየ2 ሜትሩ ከ1 እስከ 15 ቁጥር ይስጡ። 30 ሜትር በ7 እርከን 105 ቤት (የካርታው ክፍል) ይሆንልዎታል። ወረቀቱ ላይም ይህንኑ ሠንጠረዥ ያስምሩ። ቁጥሩን ከዋርካው በኩል ከጀመሩ የአባትዎ ቦታ ሐ-1 ወይም ሐ-2 ይሆናል ማለት ነው። ሜዳው በየት በኩል እንደሆነና ሰሜን ወዴት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ማመልከትዎን አይርሱ፤ ብዙ ካርታ ጥቅም የሚያጣው ከዓመታት በኋላ የሚያየው ሰው ከፊት ይታይ ከኋላ ስለማያውቅ ነው።

ቀኑን ቅዳሜ ወይም እሑድ ያድርጉት፤ ሰዓቱ ደግሞ ጨዋታ ይጀመርበት የነበረው፣ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሁን። ሰዓቱን ዝም ብለን አልጠቀስንም። ሰው ቦታውን የሚያስታውሰው በጥላው ነው፤ «ፀሐይ ዓይኔን ስለምትወጋኝ ወደዚህ እሸሽ ነበር» የሚል ሰው በጠዋት ቢያመጡት ግራ ይገባዋል። ከ10 እስከ 15 አዛውንት ይጥሩ፤ ከዚያ ከበለጠ ጨዋታው ይደራል እንጂ የሚጻፍ ነገር አይገኝም። ጠርተው ሲያበቁ ንግግር አያድርጉ። «እባክዎ ጋሼ፣ ድሮ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ይቁሙልኝ» ብቻ ይበሉ። ጉልበታቸው ለደከመ ደግሞ ደጋፊ ጎረምሳ ይመድቡ፤ እንዲህ ያለ ደረጃ መያዣ ብረት ስለሌለው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው የሚጥለው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ልንገርዎ። አንዱ ሐ-5 ላይ ይቆማል። ሌላው ይመጣና «ኧረ ይሄ የእኔ ነው» ይላል። አያስታርቋቸው። ሁለቱንም ይጻፉ፤ ምናልባት አንዱ ከ1966 በፊት፣ ሌላው በደርግ ጊዜ ነበረበት። ለዚህም ነው ሦስት ቀለም ብዕር የሚያስፈልገው፦ አንዱ ከ1966 በፊት፣ አንዱ ከዚያ እስከ 1983፣ አንዱ ከዚያ ወዲህ። ሰው ዓመተ ምሕረት ይሳሳታል እንጂ መንግሥት ሲቀየር፣ ልጁ ሲወለድ፣ ከሥራ ሲባረር የት ቆሞ ኳስ ያይ እንደነበር አይሳሳትም። ከዚያ ስለራሱ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ ይጠይቁት፦ በቀኝዎ ማን ነበር? ከኋላዎ ትከሻዎን እየያዘ የሚጮኸው ማን ነበር? አንድ ሰው ከራሱ ሌላ ሦስት ስም ካወጣ ከዐሥር ሰው 40 ያህል ስም ይገኛል። በሕይወት የሌሉትን ሰዎች ቦታ የሚሞሉልዎት እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸው፤ ስለ አባትዎ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰውም እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ደጋፊውን ብቻ ጠርተው ሥራውን ጎደሎ እንዳያደርጉት። ቆሎና ሸንኮራ ይሸጡ የነበሩ እናቶች ጀርባቸውን ለጨዋታው፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ስለሚሠሩ ማን የት እንደነበር ከማንም በላይ ያውቃሉ። መግቢያ አጥተው ከዛፍ ላይ ወይም ከአጥር ውጭ ያዩ የነበሩ ልጆችም ደረጃውን በሙሉ ከፊት ያዩት እነሱ ናቸው። በመጨረሻ ሁሉም ቦታው ላይ እንደቆመ አንድ ፎቶ ከሜዳው መሐል ያንሡ። ከዚህ በፊት ባዶ የሆነብዎት ፎቶ አሁን ይሞላል።

ሰፈሩ ለየጥጉ ያወጣው ስም ካለ ካርታው ላይ በትልቁ ይግባ። አዲስ አበባ ስታዲየምን ሰው የሚያስታውሰው በካታንጋ፣ በሚስማር ተራ፣ በከማን አንሼና በጥላ ፎቅ ነው። በጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ሜዳ ነውና ስሞቹ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ናቸው። የእናንተ ሜዳ ላይ «ዋርካ ሥር» የሚል ስም ብቻ ቢኖርም እንኳ ይጻፍ። ለምን እንደሚጠቅም ወደ አዲሱ ግንባታ ስንመጣ ያዩታል።

ፎቶውን በተመለከተ፣ የሰው ፎቶ በ10 ሰዓት ይነሣል ብለናል፤ የድንጋዩ ግን በጠዋት ነው። 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ጎን ለጎን ስትመታው የእርከኑ ጫፍ የት የት እንደተበላ፣ የት በጫማ ብዛት እንደለሰለሰ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ግን ጥላ ስለሚጠፋ ሁሉም ዝርግ ይሆናል። ደረጃው ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ይህ በትክክል ይሠራል፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ፀሐይዋ ከኋላው ስለምትወጣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት አካባቢ ይሂዱ። መጀመሪያ ከመሐል ሜዳ ሙሉውን፣ ቀጥሎ በየ3 ሜትሩ እየተራመዱ ከፊት ለፊት፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርገው ያንሡ። በየፎቶው ውስጥ አንድ ሜትር እንጨት ወይም የተዘረጋ ሜትር ይኑር። የአባትዎን ድንጋይ ላዩን፣ ጎኑንና ከጎረቤቶቹ ጋር ያለውን መጋጠሚያ ለየብቻው ያንሡት። ከዚያም ብዙ ሰው የሚረሳውን ያድርጉ፦ ሐ-1 ላይ ቆመው በአባትዎ ዓይን ከፍታ ወደ ሜዳው ያንሡ። ደረጃው ከፈረሰ በኋላ ከዚያ ቦታ ሜዳውን ማየት አይቻልም።

ልኬቱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የእያንዳንዱን እርከን ስፋትና ከፍታ በሦስት ቦታ፣ በሁለቱ ጫፍና በመሐል ይለኩ። አጠቃላይ ከፍታውን ለማግኘት ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ግልጽ ቱቦ ውኃ ሞልተው ከታችና ከላይ ይያዙት። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ስለሚዋሽ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ አድርገው ውኃው እኩል መቆሙን ይመልከቱ።

ዝናቡ ሲገባ የቤት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፤ እሱም ድምፅ መቅዳት ነው። የእጅ ስልክ ይበቃል። ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት ኔትወርኩን ያጥፉ፤ ከሚናገረው ሰው አፍ ሁለት ስንዝር ባልራቀ ቦታ፣ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፤ ስኒ በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ጠረጴዛው ሁሉንም ወደ ስልኩ ያስተላልፋል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆኑ ከሰዓት በኋላ አይቅዱ፤ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ከድምፁ በቀር የሚሰማ አይኖርም። ጠዋት ይሻላል። ውጭ መቅዳት ካለብዎትም ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ስለሚነሣ ስልኩን በስስ ነጠላ ጥለት በሌለው በኩል አንድ እጥፍ ይሸፍኑት። በመጀመሪያ ስም፣ ቀንና ቦታ በቃል ያስመዝግቡ፤ ቀረጻው ወዴት እንደሚሄድም ለሰውየው ነግረው ፈቃዱን እዚያው ይቅዱ።

«ድሮ እንዴት ነበር?» ብለው አይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ድሮማ ጥሩ ነበር» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ይልቅ ከቤት ሲወጡ በየት በኩል ይመጡ ነበር? መግቢያው ስንት ነበር፣ ባይኖርዎትስ? ዳኛ ሲያበላሽ ምን ተብሎ ይጮኽ ነበር? ዝናብ ሲመጣ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል? ሰው ሲጣላ ማን ያስታርቃል? የድጋፍ ዜማ ካለ እንዲያዜሙት ይለምኗቸው፤ ጽሑፉ ያለ ዜማው አይበቃም። 40 ደቂቃ ሲሞላ ያቁሙ። አዛውንት ሲደክማቸው ያዩትን ትተው የሰሙትን መናገር ይጀምራሉ።

ፋይሎቹን ስም ሲሰጡ ቀኑን፣ የሰውየውን ስምና ካርታው ላይ ያለውን የቤቱን ቁጥር ያስገቡ። ቅጂው ሦስት ይሁን፦ አንድ ስልክዎ ላይ፣ አንድ ኮምፒዩተር ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ሌላ ቤት። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም፤ በየማተሚያ ቤቱ ሲሰካ ቫይረስ ይይዘዋል፣ ፋይሉን ይደብቀዋል። በቴሌግራም ሲልኩም ፎቶውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ ቴሌግራም መጠኑን ይቀንሰውና መልሰው በትልቁ ሊያትሙት ሲሉ ይደበዝዛል።

ይህን ሲሠሩ ሰዎች አሮጌ ፎቶ፣ ትኬትና ባንዲራ ይዘውልዎት ይመጣሉ። እባክዎን ላሚኔት አያስደርጉ። ሙቀቱ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ ጋር አጣብቆ መልሶ የማይላቀቅ ያደርገዋል፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ካለም እዚያው ይሻግታል። ተለጣፊ አልበም ላይ የደረቀ ፎቶ በጥፍር አይላጥ፤ ቀጭን የስፌት ክር ከጥጉ አስገብተው እንደ መጋዝ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ እምቢ ካለ አልበሙ ላይ እንዳለ ፎቶ ያንሡት። ባሕር ዳር በክረምት እርጥበቷ ብዙ ነውና ወረቀቱን ወለል ላይና ዝናብ በሚመታው ግድግዳ በኩል አያስቀምጡ። ባለቤቱ ካልሰጠዎት ቀድተው ይመልሱለት፤ ሰው አንዴ ወረቀቱ ከጠፋበት ሌላውም ይደብቃል።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። «አይፍረስ» ብለው እንዳይጀምሩ አጥብቀን እንመክራለን። መጀመሪያ ደረጃው በጤናው መሆኑን ይወቁ። ግማሽ ኪሎ በምትሆን መዶሻ እያንዳንዱን ድንጋይ ቀለል አድርገው ይምቱ፤ ደንዳና ድምፅ ከሰጠ ይዟል፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ለቋል። የለቀቁትን በካርታው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ስንጥቅ ካለ በግራና በቀኙ ባለው ሙሌት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ሁለት ምስማር ይምቱና በየወሩ ርቀታቸውን ይለኩ። ስንጥቅ መቆጣጠሪያ ብለው ብዙ ሰዎች ጄሶ ይለጥፋሉ፤ በክረምት ግን ጄሶ በዝናብ ስለሚለሰልስ አያስተማምንም። መሬቱ ጥቁር ወልካ ከሆነ ስንጥቁ በበጋ ከፍቶ በክረምት ሊጠብ ይችላል፤ ይህ የአፈሩ መንፋትና መኮማተር ነው። ዓመቱን ሙሉ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ደረጃው ወደፊት እየተገፋ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የገባ ውኃ መውጫ ማጣቱ ነው። በዋርካው በኩል ያለው ስንጥቅ ደግሞ ሥሩ ሊሆን ስለሚችል ከሌላው ጋር አያደባልቁት።

የለቀቀው ከ105ቱ ቤት ጥቂቱ ብቻ ከሆነ ጥገና ይቻላል። መጋጠሚያው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተፍቆ፣ በውኃ ታጥቦ፣ በአንድ ከረጢት ሲሚንቶና በሦስት ሳጥን አሸዋ (ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነው የግንበኞች መስፈሪያ ነው) ይሞላል፤ ለሰባት ቀን እንዳይደርቅ ውኃ ይጠጣል። ከታች ባለው እርከን ፊት ላይ በየ2 ሜትሩ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ለውኃ መውጫ ይተዋል። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ሙሌት ለሁለተኛ ክረምት አይደርስም።

ይህን ይዘው ሲሄዱ ጥያቄዎ ልከኛ ይሁን፦ ከ30 ሜትሩ በዋርካው በኩል ያለው 6 ሜትር፣ ሰባቱም እርከን ሳይነካ ይቅር። ሙሉውን ጠይቀው «አይሆንም» ከሚባሉ አንድ አምስተኛውን ጠይቀው ቢያገኙ ይበልጣል፤ ሰባቱም እርከን ካለ ደግሞ ደረጃው ምን እንደነበር ማንም ያየዋል። ጥያቄው ሥራ ተቋራጩ ውል ከመፈረሙና ንድፉ ከመጽደቁ በፊት መድረስ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ሁሉ ተጨማሪ ሥራ ተብሎ ገንዘብ ስለሚጠየቅበት ቢሮው ቢፈልግ እንኳ ይቸገራል። ዋርካውንም አብረው ያስገቡት፦ ቅርንጫፉ ከሚያጠላበት ክልል ውስጥ ቁፋሮ እንዳይደረግ። ሥሩ የተቆረጠ ዋርካ በዚያው ዓመት ላይወድቅ ይችላል፣ ቆይቶ ግን ነፋስ ይጥለዋል።

መፍረሱን የሚደግፉት ጓደኞችዎም ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1989 በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም በአጥር ወደተከለለ የቆሞ መመልከቻ ከመጠን በላይ ሕዝብ እንዲገባ ተደርጎ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች ሜዳዎች ሁሉ ወንበር እንዲገባ ታዘዘ፤ ኮፕ የሚባለው የሊቨርፑል ደጋፊዎች መቆሚያም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1994 ለመጨረሻ ጊዜ ቆመው ያዩበት ሆነ። ሆኖም አደጋውን ያመጣው ቆሞ ማየት ብቻ አልነበረም፤ የሕዝቡ ብዛትና ከፊት ያለው በቂ መውጫ የሌለው አጥር ነበር። የጀርመኑ ዶርትሙንድ 25,000 የሚጠጋ ሰው የሚቆምበትን ደቡባዊ መመልከቻ አላፈረሰም፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መደገፊያ ብረት ባለው ቦታ ቆሞ ማየትን መልሳ ፈቅዳለች። ስለዚህ ከቢሮው ጋር ሲነጋገሩ ናፍቆትን ብቻ ሳይሆን ቁጥር ይዘው ይቅረቡ።

ቁጥሩ ይኸውልዎ። በእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ በደህና ደረጃ ላይ ለቆመ ሕዝብ የሚፈቀደው ጣሪያ በ10 ካሬ ሜትር 47 ሰው ነው። የእናንተ ደረጃ 30 ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር በ7 እርከን ሲሆን 84 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁሉም ነገር ደህና ቢሆን ከ390 ሰው አይበልጥም። ወንበር ሲገባ ለአንድ ረድፍ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያስፈልግ ሁለት እርከን አንድ ረድፍ ይሆናል፤ በረድፍ 60 ሰው፣ በሦስት ረድፍ 180 ሰው ማለት ነው። በዚያው ቦታ ላይ የሰፈሩ ሰው ከግማሽ በላይ ውጭ ይቀራል። ይህን ለቢሮው ያሳዩና ወንበሩ በመሐል ሆኖ አንዱ ጫፍ የመቆሚያ እርከን፣ መደገፊያ ብረት ያለው እንዲሆን ይጠይቁ። የሽቦ አጥሩ ደግሞ በሮች ይኑሩት፤ ጨዋታ እየተካሄደ እነዚህ በሮች መቆለፍ የለባቸውም። አጥሩ ከመተከሉ በፊት ታችኛው እርከን ላይ ተቀምጠው ከዓይንዎ እስከ ቅርቡ የጎን መስመር ሲባጎ ያስዘርጉ፤ ሲባጎው የአጥሩን የላይኛ አግዳሚ ብረት ከነካ ከዚያ ቦታ የተቀመጠ ሰው የክንፍ ተጫዋቹን እግር አያይም፣ አጥሩ መራቅ ወይም ዝቅ ማለት አለበት።

ስሙንም ያኔ ነው የሚያስገቡት። አዲስ መመልከቻ ሲሠራ በር ላይ «ሀ»፣ «ለ» ወይም ቁጥር ይጻፋል፤ ትኬቱም ላይ ያው ይታተማል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ልጆች በቁጥሩ መጥራት ይጀምራሉ። ካርታው ላይ የሰበሰቡት ስም በሩ ላይ በቀለም፣ ትኬቱም ላይ በጽሑፍ እንዲገባ ያስወስኑ። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከምንም ነገር በላይ የሚቆየው ደግሞ ይሄ ነው።

በመጨረሻ የአባትዎ ድንጋይ። ደረጃው የመንግሥት ወይም የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ያለ ደብዳቤ አይንኩት፤ ለወረዳው ወይም ለከተማው ስፖርት ቢሮ የቤቱን ቁጥርና ፎቶውን አያይዘው ያመልክቱ። ሲፈቀድ በጭነት መኪና ፍርስራሽ ውስጥ ከመፈለግ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በእጅ ያስወጡት። መጋጠሚያውን በመሮ ዙሪያውን ከፍተው፣ ድጅኖውን ከታች እንጂ ከላይኛው ጫፍ ሳያስገቡ ቀስ ብለው ያንሡ። ከላይ የተገፋ ድጅኖ የሚሰብረው ያንን በሰው የለሰለሰውን ጠርዝ ነው። ክብደቱን አይናቁ፦ 40 በ25 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ጥቁር ድንጋይ 55 ኪሎ ይጠጋል፤ ሁለት ሰውና ቃሬዛ ያስፈልጋል። የቤቱን ቁጥርና የፊት አቅጣጫውን ከታች በማይታየው ጎኑ ላይ በቀለም ይጻፉ። በአሲድ አያጥቡት፣ ቫርኒሽ አይቀቡት፤ ውኃና ብሩሽ ይበቃዋል።

ወደ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያስቡበት። ግቢዎ ውስጥ ሲያስገቡት የአባትዎ ድንጋይ ይሆናል፤ ሜዳው ላይ ሲቀር ደግሞ አጠገቡ የነበሩት ሰዎችም ድንጋይ ይሆናል። እኛ ብንሆን ከ6 ሜትሩ ውጭ ከሚፈርሰው ክፍል ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ የተለዩ ድንጋዮችን አስወጥተን፣ ዋርካው ሥር በ10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ላይ አግዳሚ መቀመጫ እናደርጋቸዋለን፤ ከጎኑም ካርታው በብረት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። 6 ሜትሩ ከተፈቀደልዎ የአባትዎ ድንጋይ ከቦታው መነሣት አያስፈልገውም፤ ሐ-1 ላይ ይቀራል።

ማመልከቻውን ከሰኔ 15 በፊት ያስገቡ። ካርታውን፣ ከ10 ሰዓቱ ፎቶ ሁለት ቅጂ፣ የመዶሻ ምርመራውን ውጤትና የ390 እና የ180ውን ስሌት አያይዙበት፤ ከታች የሚፈርሙት ደግሞ ያን ዕለት በየቦታቸው የቆሙት አዛውንቶች ይሁኑ፣ ከስማቸው ጎን ካርታው ላይ ያለው የቦታቸው ቁጥር ይጻፍ። «ለድንጋይ ታለቅሳለህ» ላሉት ጓደኞችዎም ሜትሩንና ጠመኔውን ያሲዟቸው። መሥሪያ ቤቱ የመግቢያ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እንዲሰጥዎ ጠይቀው ይያዙ፤ በሐምሌ መጀመሪያ መልስ ካልመጣ በዚያ ቁጥር ሄደው ይጠይቁ።